እያሳሳቀ የሚወስደው በረዶ፦ የኮሎራዶ ተራሮች በጠራራ ፀሐይ የሚገድሉት ለምንድን ነው?

ኤፕሪል 20 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ቅዳሜ ነበር። በአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት፣ ላቭላንድ ፓስ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ ብዙም በማይርቀው የሺፕ ክሪክ ሸለቆ፣ ስድስት ሰዎች ስኪና ስኖውቦርዳቸውን ይዘው ወደ ተራራው ተነሡ። ጀማሪዎች አልነበሩም። የዕለቱን ትንበያ አንብበዋል፤ በበረዶ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያም ይዘዋል። እንዲያውም ወደ አካባቢው የመጡት ስለ በረዶ ናዳ ጥንቃቄ ለማስተማርና ለግዛቱ የናዳ ትንበያ ማዕከል ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ሊገኙ ነው። ከበላያቸው ያለው ወደ ሰሜን የዞረ ቁልቁለት አደገኛ መሆኑንም ያውቃሉ። ስለዚህ ሊወጡበት አላሰቡም፤ እርስ በርስ ተራርቀው በግርጌው ፈጠን ብለው አልፈው ማዶ ካለው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ሊጠለሉ ነበር።

ቁልቁለቱን ማንም አልረገጠውም። እነሱ ገና ከግርጌው እንዳሉ ከበላያቸው ያለው በረዶ በሰፊው ተሰንጥቆ ወረደ። የተሰነጠቀበት አፍ በአንዳንድ ቦታ ከ3 ሜትር በላይ ውፍረት ነበረው። የወረደው ሁሉ ወንዙ በሚሄድበት ስርጥ ውስጥ ተከመረ። አምስቱ ሞቱ። ስድስተኛውን ያተረፈው ፊቱ አካባቢ ነጻ የቀረ አንድ ክንዱ ነው፤ መተንፈሻ አበጀበት እንጂ ራሱን ሊያወጣበት አልቻለም። ነፍስ አድን ሠራተኞች እስኪደርሱለት አራት ሰዓት ያህል እንደ ተተከለ ችካል ባለበት ቆየ። በ1962 እ.ኤ.አ. ትዊን ሌክስ በተባለች መንደር ሰባት ሰዎች በቤታቸው ሳሉ ካለቁበት ናዳ ወዲህ፣ ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው የገደለ ናዳ አልነበረም።

ስለዚህ አደጋ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። የገደላቸው የመቼ በረዶ ነው? የሰሞኑ እንዳይባል፣ መርማሪዎቹ በኋላ ሄደው ሲያዩት ናዳው የተንሸራተተው ከመሬቱ አጠገብ ባለው፣ በክረምቱ መግቢያ ወርዶ ለወራት ተቀብሮ በቆየው ሽፋን ላይ ነበር። (ክረምት ስል የዚህን አገር ማለቴ ነው፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን።) ከላይ የወረደው አዲስ በረዶ ጭነት ሆነ እንጂ ጥፋቱ የታችኛው ነው። የኮሎራዶ ተራራ ነገር ሲጠቀለል ይኸው ነው። ዓይን የሚያየው በረዶና ሰው የሚገድለው በረዶ አንድ አይደሉም።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ብዙ ቃል አላከማቸም፤ አላስፈለገውምና። ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም ያው “በረዶ” ነው። አመዳይ አለን፣ ውርጭ አለን፣ ከዚያ ወዲያ ብዙ አንሄድም። ናዳን ግን እናውቀዋለን። ደጋ ያደገ ሰው ዝናብ የጠገበ አፈር ከነእርሻው ሲወርድ አይቷል ወይም ሲወራ ሰምቷል። “የበረዶ ናዳ” የሚለው ስም ስለዚህ ተስማሚ ነው፤ የምናውቀውን ነገር ከማናውቀው ዕቃ ጋር ያጋባል።

በነገራችን ላይ ከፍታ ብቻውን የበረዶ ናዳ አያመጣም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ የኮሎራዶ ትልቁ ተራራ ኤልበርት ደግሞ 4,401 ሜትር፣ ማለትም ከራስ ዳሸን ያንሳል። በሰሜን ተራሮች አንዳንዴ ሌሊት በረዶ ይጥላል፤ ይሁንና ረፋዱ ላይ የምድር ወገብ ጎረቤት የሆነችው ፀሐይ ትልሰዋለች። ብርዱ በሚጠነክርበት ወቅት ደግሞ ሰማዩ ደረቅ ነው። ሽፋን በሽፋን ላይ እየተደረበ ለስድስት ወር የሚቆይበት ዕድል የለም። ናዳ የሚወልደው ይህ መደራረብ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። ትሪ ላይ ስኳር እንበትንና በላዩ ላይ ደረቅ ቂጣ እንዘርጋ። ትሪውን ቀስ እያልን ብናዘነብለው ቂጣው ለጥቂት ጊዜ ይይዛል። ትንሽ ጨመር ስናደርግ ወይም ቂጣውን በጣት ነካ ስናደርገው እንዳለ ሙሉውን ይወርዳል። አይፈረፈርም፣ በከፊል አይቀርም። የስኳሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለማይያያዙ እንደ ኩሽኔታ ያንሸራትቱታል። የበረዶው ናዳም ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ከላይ የተያያዘ ጠጣር ንጣፍ፣ ከሥሩ የማይያያዝ ደካማ ሽፋን፣ እና በቂ ቁልቁለት። ነካ የሚያደርገው ጣት ብዙ ጊዜ ራሱ ሟቹ ነው። ሰው ከሞተባቸው ናዳዎች ከአሥሩ በዘጠኙ ያህል ናዳውን የቀሰቀሰው ሟቹ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው።

የኮሎራዶ ተራራ ሰዎች ያንን ደካማ ሽፋን “ስኳር በረዶ” ይሉታል። በእጅ ቢዘግኑት በጣቶች መካከል ይፈስሳል፤ ኳስ ልሥራ ቢሉት እሺ አይልም። እንዴት ነው የሚፈጠረው? ከበረዶው ሥር ያለው መሬት የበጋውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ 0 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከላይ ያለው አየር በጠራ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይወርዳል እንበል። ከታች ሞቅ ካለው በረዶ የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ ይሄዳል፤ የድስት ክዳን ላይ ጤዛ እንደሚቋጥረው ሁሉ ቀዝቃዛውን ቅንጣት ሲያገኝ እዚያው ይረጋል። ይህ ሌሊት በሌሊት ሲደጋገም፣ ክብ ክብ ሆኖ ሊያያዝ ይችል የነበረው ቅንጣት ማዕዘን ያወጣል፣ ያድጋል፣ ከጎረቤቱ ይለያል።

እዚህ ላይ ሒሳቡ የሚገርም ነገር ያሳያል። በረዶው 2 ሜትር ውፍረት ካለው፣ የ20 ዲግሪው ልዩነት በሜትር 10 ዲግሪ ይሆናል፤ ባለሙያዎች ቅንጣቱ መበላሸት ይጀምራል የሚሉት እዚህ ወሰን አካባቢ ነው። በረዶው ግማሽ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ያው የ20 ዲግሪ ልዩነት በሜትር 40 ይደርሳል። ቀጭን በረዶ ቶሎ ይበላሻል ማለት ነው። ብዙ ሰው “ዘንድሮ በረዶው ትንሽ ነው፣ አደጋው ቀሏል” ይላል። በኮሎራዶ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጥቅምት ላይ ቀደም ብሎ የጣለ፣ ከዚያ ለሳምንታት የቆመ፣ በጠራ ሰማይና በከባድ ብርድ የከረመ ጥቂት በረዶ የመላውን ክረምት መሠረት ያበላሻል። በተለይ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በዞሩ፣ ፀሐይ በማያገኛቸው ቁልቁለቶች። መሠረቱ የተበላሸ ቤት ላይ ፎቅ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለአዲስ አበባ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ሁለት ክረምቶችን ማነጻጸር ይህን ያሳያል። ማርች 2019 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ታይቶ የማይታወቅ የናዳ ጊዜ ነበር። አውሎ በአውሎ ላይ ተደራረበ፤ የትንበያ ማዕከሉ አምስተኛውንና የመጨረሻውን የአደጋ ደረጃ አወጀ፤ ናዳው ከመቶ ዓመት በላይ የቆሙ ዛፎችን እንደ ክብሪት እየሰባበረ ወረደ። በአይ-70 አውራ ጎዳና ላይ፣ በፍሪስኮና በኮፐር መካከል፣ ነጭ ደመና ቁልቁል መጥቶ መኪኖችን ሲያለብስ በሞባይል የተቀረጸውን ቪዲዮ ዓለም ሁሉ አይቶታል። በዚያ ክረምት በግዛቱ በናዳ የሞቱት 8 ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2020–21 ክረምት፣ የዚያ ዓይነት አስፈሪ አውሎ አልነበረም። በኦክቶበር መጨረሻ፣ በግዛቱ ይነድ የነበረውን የሰደድ እሳት ለማጥፋት ያገዘ በረዶ ጣለ፤ ሁሉም ተመስገን አለ። ከዚያ ደረቀ፣ ስኳር ሆነ። ጥርና የካቲት ላይ አዲስ በረዶ ሲጫንበት መሠረቱ ከዳ። በኮሎራዶ 12፣ በመላው አሜሪካ 37 ሰዎች ሞቱ። ከጃንዋሪ 30 እስከ ፌብሩዋሪ 6 ባለው አንድ ሳምንት ብቻ በአገሪቱ 15 ሰው አለቀ። ተመስገን የተባለለት የጥቅምት በረዶ ነው ከሥር ሆኖ የጠበቃቸው።

የዚያ ዓመት ሌላ ምክንያትም አለ። በኮቪድ ጊዜ የስኪ ማዕከላት ሰው በቀጠሮ ብቻ ሲያስገቡ፣ ብዙ ሰው አጥርና ጠባቂ ወደሌለበት ተራራ ወጣ። በማዕከላቱ ውስጥ ሠራተኞች ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ቁልቁለቱን በፈንጂ ያራግፉታል፤ የቀረውን ደግሞ በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ይደመድመዋል። ከማዕከሉ ውጭ ያለውን ተራራ ግን ማንም አልነካውም። እዚህ አገር “ባክካንትሪ” የሚሉት እሱን ነው፤ እኛ ጠፍ ተራራ ብንለው ያስኬዳል። ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ያለው በረዶ ሲታይ አንድ ነው፤ ሲረገጥ ግን አይደለም።

ሲያትል ያለ ዘመድ ያለው ሰው “እዚያም ተራራ አለ፣ እዚያም ይሞታሉ” ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። የአሜሪካን ታሪክ ከፍተኛውን ሞት ያስመዘገበው ናዳ የወረደው በዚያው ግዛት ነው፤ ማርች 1 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. ዌሊንግተን በተባለ ጣቢያ የቆሙ ባቡሮችን ጠርጎ 96 ሰው ገደለ። ነገር ግን የዚያ በረዶ ጠባይ ሌላ ነው። ከባሕር የሚመጣ፣ እርጥብ፣ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ በረዶ ስለሆነ አደጋው በአብዛኛው ከአውሎው ጋር መጥቶ ከአውሎው ጋር ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቀን ከታገሡት ይረጋጋል። ኮሎራዶ ቂመኛ ነው። ኅዳር ላይ የተቋጠረውን መጋቢት ላይ ያወጣል።

ይህ ቂም ነው ትንበያን ከባድ የሚያደርገው። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በክረምት በየቀኑ ለየአካባቢው ደረጃ ያወጣል፦ 1 ዝቅተኛ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 አሳሳቢ፣ 4 ከፍተኛ፣ 5 እጅግ ከፍተኛ። ሦስት ቁጥር የመሐል ቁጥር ነውና አንባቢ “ኖርማል” ብሎ ይተረጉመዋል። በፈተና ከአምስት ሦስት ማለፊያ አይደል? ከሁሉ የሚበዛው ሰው የሚሞተው ግን በዚህ ሦስት ቁጥር ቀን ነው። በአራትና በአምስት ቀን ሰማዩ ራሱ ያስፈራራል፤ መንገድ ይዘጋል፤ አብዛኛው ሰው ቤቱ ይቀመጣል። በሦስት ቀን ናዳው በራሱ ብዙም አይወርድም፤ ቀስቃሽ ይጠብቃል። ሰው ሲመጣለት ደግሞ ዝግጁ ነው። የሺፕ ክሪኩ ቅዳሜም በዚያ ከፍታ ደረጃው ሦስት ነበር። ለእኔ ይህ የቁጥር አሰጣጥ ትልቅ ድክመት አለበት። ደረጃው ወደ ላይ የሚያድግበት መጠን ቀጥ ያለ መሰላል አይደለም፤ ከሁለት ወደ ሦስት መሄድ አንድ ደረጃ መውጣት ሳይሆን ፎቅ መቀየር ነው። አንባቢው ግን የሚያየው 2 ከዚያ 3 ብቻ ነው። ትንበያውን የሚጽፉት ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ከቁጥሩ ሥር “አሮጌው ሽፋን” ስላለበት አቅጣጫና ከፍታ በዝርዝር ያስቀምጣሉ። ዋናው ቁም ነገር እዚያ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

“ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል” የሚለው አባባላችን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አውሎው አልፎ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ሜዳው ሁሉ እንደ ታጠበ ነጠላ ሲያበራ ማን አደጋ ያስባል? ተራራው ግን አንዳንዴ ይናገራል። በረዶ ላይ ሲራመዱ ከእግር ሥር “ዉምፍ” የሚል፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚሰማ የታፈነ ድምፅ ከመጣ፣ ደካማው ሽፋን እዚያው ተደርምሷል ማለት ነው። ያ ድርመሳ በሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ ሊሮጥና መቶ ሜትር ርቆ ያለ ቁልቁለት ሊለቅቅ ይችላል። ከግርጌ ያለ ሰው ከላይ ያለውን ማውረድ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ ከዶሚኖ ሰልፍ መጨረሻውን መግፋት እንደማለት። ከእግር ፊት የሚሮጥ ስንጥቅ፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ የወረደ ትኩስ ናዳ፣ በረዶ እያጋዘ የሚቆልል ነፋስ፣ እነዚህም የተራራው ንግግር ናቸው። ነፋሱን አንናቀው፤ ከሰማይ ከሚወርደው በአሥር እጥፍ ፍጥነት ከአንዱ ጎን አንሥቶ በሌላው ጎን ሊከምር ይችላል።

ተራራው ዝም ሲልስ? ዝም ያለ ተራራ ይቆፈራል። ልምድ ያለው ሰው በአካፋ ጉድጓድ ያወጣና የበረዶውን ግድግዳ እንደ ኬክ ያነበዋል። 90 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ ለይቶ ይቆርጥና አካፋውን ከአንዱ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ይመታል። አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ አሥር ጊዜ ከክርን፣ አሥር ጊዜ ከትከሻ። ስንጥቁ ከተመታው ጫፍ ተነሥቶ እስከ ወዲያኛው በአንድ ጊዜ ካለፈ፣ ሽፋኑ ናዳ የማሰራጨት አቅም አለው ማለት ነው፤ ወደ ቤት መመለስ ነው። ካላለፈ ግን ነጻ ነህ አይልም። ጉድጓዱ የሚናገረው ስለዚያች አንዲት ሜትር ብቻ ነው፤ ሃያ እርምጃ ወዲያ በድንጋይ ዙሪያ በረዶው ሳስቶ ስኳሩ ለእግር ቅርብ ሊሆን ይችላል።

ሲወርድ ምን ያህል ነው? ራሴ ላስላው። ወርዱ 50 ሜትር፣ ቁመቱ 50 ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሜትር የሆነ ንጣፍ እንውሰድ፤ ለናዳ ይህ ትንሽ ነው። በነፋስ የታመቀ በረዶ በሜትር ኪዩብ 300 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 7,500 ኩንታል ይሆናል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ 150 ጊዜ ይመላለስበታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። ሲቆም ደግሞ ወዲያው ይጠነክራል፤ በእጅ የማይጫር ሲሚንቶ ይሆናል። ከሟቾች ሩብ ያህሉ ከዛፍና ከድንጋይ ተላትመው ነው የሚሞቱት። የቀሩት ይታፈናሉ። በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች ውስጥ የተቆፈረ ሰው በአብዛኛው ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ የሚተርፈው ከሦስቱ አንድ ያህል ነው። ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በ457 ኪሎኸርትዝ የሚልክና የሚቀበል ትራንሲቨር በደረቱ፣ የሚገጣጠም መመርመሪያ ዘንግና አካፋ በቦርሳው ይዞ ይወጣል። ለራሱ አይደለም፤ ጓደኛውን ሊያወጣበት ነው። የእኔን ነፍስ የያዘው ጓደኛዬ ጀርባ ላይ ያለው አካፋ ነው።

ለመቆፈር መሮጥም የራሱ አደጋ አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ የሆነውን ማን ይረሳል? የመጀመሪያው የመሬት ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የተሰበሰቡትን ሁለተኛው መጥቶ ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ወገን አለቀ። ጭቃና በረዶ የተለያዩ ናቸው፣ ሕጉ ግን ይመሳሰላል። ናዳ ወርዶ ሁሉንም አይጨርስም፤ ከጎኑና ከበላዩ የተንጠለጠለ ያስቀራል። በበረዶ ነፍስ አድን ሥልጠና ከመቆፈር በፊት የሚቀድመው ትምህርት ቀና ብሎ ማየት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ታዲያ ለምን ይሞታል? ኢያን ማክካመን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ 715 የናዳ አደጋዎችን አገላብጦ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። ሰዎቹን ያሳታቸው ዕውቀት ማጣት ብቻ አልነበረም። ቦታውን መልመድ፣ እዚህ ድረስ መጥቼማ አልመለስም የሚል እልህ፣ ሌሎች ሲሄዱ አይቶ መከተል፣ ያልተረገጠውን በረዶ ማንም ሳይቀድመኝ ማለት ነበሩ። ከፍተኛ ሥልጠና የወሰዱትም ቢሆኑ በለመዱት ቦታ ላይ ሲሆኑ ካልሠለጠኑት ያልተናነሰ ራሳቸውን ያጋልጡ ነበር። እኛ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ” እንላለን። በቁልቁለት ላይ ይህ ምሳሌ ይገለበጣል፤ ሃምሳው ሰው ራሱ ሸክሙ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ይሻገራሉ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌሎቹ ከከለላ ቆመው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። አብሮ መሄድ የሚደፋፍረን ሕዝብ ስለሆንን ይህ ደንብ ለኛ ቀላል አይመስለኝም። ደግሞም በቡድን ውስጥ “እኔ ፈርቻለሁ፣ እንመለስ” ማለትን የመሰለ ከባድ ነገር የለም።

በዴንቨርና በአውሮራ ለምንኖረው ነገሩ ከስፖርት አልፎ መንገድ ላይም ያገኘናል። ከአየር ማረፊያ ወደ ቬይልና ብሬከንሪጅ መንገደኛ የሚያመላልስ ወገን፣ በአይ-70 ከባድ መኪና የሚነዳ ወገን፣ “መንገዱ ለናዳ ሥራ ተዘግቷል” የሚለውን ማስታወቂያ ያውቀዋል። ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና ይዘው ስለዚያ መዘጋት ሲማረሩ የሰማኋቸው አሉ፤ ደንበኛ አመለጠ፣ ቀኑ ተቃጠለ። ያ ሰዓት ግን ናዳው በቀጠሮ የሚወርድበት ሰዓት ነው። ግዛቱ ከመንገዶቹ በላይ የተመዘገቡ ከ500 በላይ የናዳ መውረጃዎች አሉት። በላቭላንድና በበርተድ ፓስ ተራራ ላይ የተተከሉ ቧንቧዎች ፕሮፔንና ኦክስጅን ቀላቅለው ያፈነዳሉ፤ ሌላው ቦታ በሄሊኮፕተር ፈንጂ ይጣላል። ትንሽ ትንሹን ማውረድ ትልቁን ከመጠበቅ ይሻላልና። በደቡብ ምዕራብ፣ በኡሬይና በሲልቨርተን መካከል ባለው ሬድ ማውንቴን ፓስ፣ በ1970፣ በ1978 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የሞቱ ሦስት የበረዶ ጠራጊ መኪና ሾፌሮች መታሰቢያ ቆሞ አለ። በ1992ቱ ናዳ አብሮ የተቀበረ ባልደረባ ነበር፤ ከ18 ሰዓት በኋላ በገዛ እጁ ቆፍሮ ወጣ። ከላይ የጻፍኩትን የ15 ደቂቃ ነገር ሲያነብቡ እንዲህ ዓይነቱ ሰው እንዳለም ይታወቅ።

በማርች 2020 ከአይዘንሃወር ዋሻ በላይ ስኖውቦርድ የያዙ ሁለት ሰዎች ናዳ ቀስቅሰው፣ ወርዶ የመንግሥትን የናዳ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ሰባበረ። አደጋውን ራሳቸው በካሜራ ቀርጸው፣ ራሳቸው ሪፖርት አድርገው፣ ቪዲዮውን ለማዕከሉ ሰጥተው ነበር። ዐቃቤ ሕግ በግድየለሽነት ሰው ለአደጋ አጋልጣችኋል ብሎ ከሰሳቸው። ከሥራቸው አይ-70 እንዳለ ሳስብ ክሱ ይገባኛል። ግን ትንበያው የሚኖረው ከሜዳ በሚመጣ መረጃ ነው፤ ስህተቱን የተናገረ ሰው ከተከሰሰ ቀጣዩ ሰው ዝም ይላል። ትርፉ ከጉዳቱ ያነሰ ይመስለኛል።

ልጆቻቸውን በረዶ ሊያሳዩ ወይም በበረዶ ጫማ ሊንሸራሸሩ ለሚወጡ ቤተሰቦች አንድ ቀላል ነገር አለ። ንጣፍ የሚንሸራተተው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ነው፤ 38 ዲግሪ አካባቢ ይበረታል። ስልክ ላይ ያለው የዝንባሌ መለኪያ ይህን ይነግራል። ከ30 በታች ያለ ሜዳ፣ ከበላዩም ቀጥ ያለ ቁልቁለት ያልተንጠለጠለበት ከሆነ፣ ደረጃው ሦስትም ቢሆን ይጫወቱበታል። “ከበላዩ” የምትለዋ ቃል ናት የምትረሳው። በጃንዋሪ 2022 በሁዚየር ፓስ አጠገብ በበረዶ ጫማ ሲሄዱ ከነውሻቸው በናዳ የሞቱት ሁለት ሰዎች ስኪ አልነበራቸውም። ናዳ የጫማውን ዓይነት አይጠይቅም።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ላቭላንድ ፓስ ላይ ሰው መኪናውን ጥግ አስይዞ ፎቶ ይነሣል። ከሳምንት በኋላ ፀሐይ የምታገኘው ጎን ሣሩ ተመልሶ ይታያል፤ ወደ ሰሜን የዞረው ጎን ላይ ግን ጉልበት የማይደርስ ነጭ ጨርቅ ይቀራል። የትንበያ ሰዎች ያን ጊዜ ነው ወጥተው የሚዞሩት። ቀጣዩ አውሎ ሳይሸፍነው ፎቶ ያነሣሉ፤ የቱ ጋ እንደቀረ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ ወደ የት እንደዞረ በካርታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። መጋቢት ላይ ሲጠየቁ መልሱን የሚያወጡት ከዚያ ካርታ ነው።